የወረቀት ሞዴልና መጫወቻ በቤት ውስጥ፦ ከሰባተኛ ሰፈር አንጻር የቀረበ ዳሰሳ

የወረቀት ሞዴል በሉህ ላይ የታተመ ንድፍ ተቆርጦ፣ ታጥፎና ተጣብቆ ሕንጻን፣ ተሽከርካሪን፣ እንስሳን ወይም ሌላ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለውን ነገር እንዲመስል የሚደረግበት የእጅ ሥራ ነው። የወረቀት መጫወቻ የሚባለው ደግሞ ከዚሁ ሥራ ውስጥ እንዲበር፣ እንዲሽከረከር ወይም በጣት እንዲንቀሳቀስ ታስቦ የሚዘጋጀው ክፍል ነው። በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚወርዱ ንድፎች ከተበራከቱ ወዲህ ይህ ሥራ በመጽሔትና በመጫወቻ መደብር በኩል ብቻ የሚገኝ መሆኑ ቀርቶ፣ አንድ የማተሚያ መሣሪያና አንድ መቀስ ባለበት ሁሉ ሊሠራ የሚችል ሆኗል።

ጉዳዩ እዚህ የሚታየው በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ገበያ ጋር ተያይዞ ከሚገኘው ከሰባተኛ ሰፈር አንጻር ነው። አካባቢው የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው፤ በአንድ በኩል ወረቀት፣ ካርቶን፣ ኮላ፣ መቀስና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት ከቤት ብዙ ሳይርቁ የሚገኙበት ሰፈር ሲሆን፣ በሌላ በኩል የቤቶቹ ጠባብነትና የመንገዱ መጨናነቅ ልጆችን የመሯሯጫ ቦታ ስለሚያሳጣቸው በአንድ ጠረጴዛ ወይም በአንድ ምንጣፍ ላይ የሚሠራ ጨዋታ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። ከዚህ አንጻር ሲታይ ወረቀቱም፣ የእጅ ብልሃቱም፣ የመሥራት ልማዱም በአገር ውስጥ ያሉ ሲሆኑ፣ የጎደለው የአገሩን ነገር የሚያሳይ፣ በአገሩ ቋንቋ የተብራራና በነጻ የሚታደል ንድፍ ነው። የሚቀጥሉት ክፍሎች ይህን ያስረዳሉ።

የሥራው አመጣጥ በዓለም

የወረቀት አሠራር በቻይና እ.ኤ.አ. በ105 በቤተ መንግሥቱ ሹም በጻይ ሉን አማካይነት ለንጉሡ እንደቀረበ የቻይና የታሪክ መዛግብት ይገልጻሉ። ወረቀት በእስያ ከተስፋፋ በኋላ ያለ መቀስና ያለ ሙጫ በማጠፍ ብቻ ቅርጽ የማውጣት ጥበብ በጃፓን ኦሪጋሚ በሚል ስም ጎልብቷል። ለዚህ ጥበብ የጋራ የሥዕል ቋንቋ ያበጀለት አኪራ ዮሺዛዋ ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚታጠፉትን መስመሮች በተቆራረጡ መስመሮችና በቀስቶች ለይቶ የሚያሳይ የምልክት ሥርዓት ስላስተዋወቀ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ሥዕሉን እያየ መሥራት እንዲችል አድርጓል።

በአውሮፓ ሥራው በሁለት አቅጣጫ አድጓል። የመጀመሪያው የትምህርት አቅጣጫ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1840 ለሕፃናት ማቆያው ኪንደርጋርተን የሚለውን ስም የሰጠው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮብል ወረቀት ማጠፍን፣ መቁረጥንና መሸመንን ከሕፃናት መደበኛ ተግባራት ጋር አካቷቸዋል። ሁለተኛው የኅትመት አቅጣጫ ሲሆን፣ በፈረንሳይ ኤፒናል ከተማ የፔልራን ማተሚያ ቤት፣ በጀርመን ኤስሊንገን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1831 የተቋቋመው የሽራይበር ማተሚያ ቤት ተቆርጠው የሚገጣጠሙ ሉሆችን በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ አቅርበዋል። በፖላንድ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ የታተመው «ማዊ ሞዴላሽ» የተባለው መጽሔት፣ እንጨትና ፕላስቲክ በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን ለብዙ ወጣቶች የአውሮፕላንና የመርከብ ሞዴል ምንጭ ነበር። ከእነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት የወረቀት ሞዴል የተስፋፋው ሌላው መጫወቻ ውድ በሆነበት ሥፍራ፣ ንድፍ የሚያወጣና የሚያሰራጭ አካል ሲኖር መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ ያለው መሠረት

በኢትዮጵያ ከወረቀት በፊት የጽሑፍና የሥዕል ማኅደር የነበረው ብራና ነው፤ ብራናን አጥፎ ቅርጽ መስጠትም የቆየ ልማድ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ሰንሱል የሚባለው ሲሆን፣ ይህም ረጅም የብራና ቁራጭ ወዲህና ወዲያ እየታጠፈ በኪስ የሚያዝ የሥዕል መጽሐፍ የሚሆንበት ሥራ ነው። ከዚህም የሚልቀው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራውና ዛሬ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በዋልተርስ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር የሚገኘው ተጣጣፊ ሥዕል ነው፤ ሲዘጋ እንደ መጽሐፍ የሚሰበሰበው ይህ ብራና ሲዘረጋ ክብ ሆኖ በዙሪያው ቅዱሳንን ያሳያል። ዝርግ ነገርን በእጥፋት ወደ ሌላ ቅርጽ የመለወጥ ሐሳብ ለኢትዮጵያ እንግዳ እንዳልሆነ በዚህ ይታወቃል።

ወረቀት በብዛት ወደ ሕዝቡ የገባው ከኅትመትና ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ሲሆን፣ በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በዚህ ረገድ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ደብተርና ጋዜጣ በየቤቱ ሲገኙ ልጆች ያገለገለውን ወረቀት ለጨዋታ ማዋል ጀመሩ። በክረምት የጎርፍ ውሃ ላይ የሚለቀቀው የወረቀት ጀልባ፣ በክፍል ውስጥ የሚወረወረው አውሮፕላን፣ ከጋዜጣ የሚታጠፈው ኮፍያ፣ ከቀጭን እንጨትና ከወረቀት ወይም ከፌስታል የሚሠራው ካይት በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። እነዚህ መጫወቻዎች ማንም ሳያሳትማቸው ከታላቅ ወደ ታናሽ በማየት ብቻ የተላለፉ በመሆናቸው፣ ነጻ ንድፍ የሚለው ሐሳብ ከኢንተርኔት በፊትም በሰፈር ውስጥ ይሠራበት እንደነበር ያሳያሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ በየቤቱ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ መስከረም 1 ቀን አበባን፣ ፀሐይን፣ መላእክትንና ቅዱሳንን በወረቀት ላይ በቀለም ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ በማበርከት የአዲስ ዓመት ስጦታ ይቀበላሉ። ይህ ልማድ በቤት ውስጥ የሚሠራ የወረቀት ሥራን ከበዓል፣ ከጉርብትናና ከልጆች የመጀመሪያ ገቢ ጋር ያስተሳሰረ ነው። የታተሙ ፖስት ካርዶች ገበያውን እየያዙ በመጡበት በአሁኑ ጊዜ በእጅ የሚሠራው ሥዕል ቢቀንስም፣ ልማዱ የወረቀት ሞዴል ሊተከልበት የሚችል ለም መሬት ሆኖ ይቆያል። ልጁ ያዘጋጀው ሥዕል ሲከፈት ብድግ የሚል ጎጆ ወይም የሚዘረጋ አደይ አበባ ቢሆን በዓሉ አይለወጥም፤ የሥራው ደረጃ ግን ከፍ ይላል።

ነጻ ንድፍ እንዴት እንደሚሠራና ነጻነቱ እስከምን እንደሆነ

ነጻ ንድፎች የተስፋፉት እ.ኤ.አ. በ1993 አዶቤ የተባለው ኩባንያ ባወጣው ፒዲኤፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አማካይነት ነው፤ ይህ ፋይል መስመሩንና ልኬቱን በየትኛውም ኮምፒውተር ሳይለውጥ ስለሚይዝ፣ ቶኪዮ የተሣለ ንድፍ መርካቶ ሲታተም ያው ሆኖ ይወጣል። የጃፓኑ ካኖን ኩባንያ «ክሪኤቲቭ ፓርክ» በሚለው አገልግሎቱ የታዋቂ ሕንጻዎችን፣ የእንስሳትንና የመጫወቻዎችን ንድፍ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳም የመንኮራኩሮቹን የወረቀት ሞዴል ለተማሪዎች አሰራጭቷል። ከዚህ በተጨማሪ «ፔፓኩራ»ን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በኮምፒውተር የተሠራን ጠጣር ምስል ወደ ዝርግ ንድፍ በመለወጥ የመጣበቂያ ክንፎቹን ሳይቀር ስለሚያወጡ፣ ንድፍ ማውጣት ከባለሙያ ውጭ ላለ ሰውም ተችሏል።

ያለ ክፍያ መገኘቱ ግን ሥራው ወጪ የለውም ማለት አይደለም። ወጪው ከንድፉ ወደ ኅትመቱ ይዛወራል፤ በተለይም ገጹን በቀለም የሞላ ንድፍ ባለ ቀለም ፕሪንት ስለሚጠይቅ፣ ስምንትና ዐሥር ገጽ ያለው ሞዴል ከአንድ የፕላስቲክ መጫወቻ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ለአነስተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚስማማው በጥቁርና ነጭ መስመር ብቻ የተሣለ፣ ልጁ ራሱ ቀለም የሚቀባው ንድፍ ነው።

የሕጉም ጉዳይ መታየት አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግለሰብ ለራሱ አገልግሎት ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ እንዲያወጣ የሚፈቅድ ሲሆን፣ ያንኑ አባዝቶ መሸጥ ግን የባለቤቱን ፈቃድ የሚጠይቅ ሌላ ተግባር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተመሠረተው ክሪኤቲቭ ኮመንስ ያዘጋጃቸው የፈቃድ ዓይነቶች፣ ንድፍ አውጪው ማባዛትን እየፈቀደ፣ መለወጥንና መሸጥን ለየብቻ እንዲፈቅድ ወይም እንዲከለክል ስለሚያስችሉ፣ ለትምህርት ቤትና ለማተሚያ ቤት የሚታደል ንድፍ ላይ እንዲህ ያለው ፈቃድ በግልጽ ቢጻፍ ጥርጣሬን ያስወግዳል።

ሰባተኛና መርካቶ እንደ ሥራ ቦታ

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ በማዛወር የመሠረተው መርካቶ፣ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ ያለው ሰፊ የንግድ ሥፍራ ሆኗል። የደብተርና የጽሕፈት መሣሪያ ጅምላ ንግድ በነሐሴና በጳጉሜን፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ወላጆችንና ቸርቻሪዎችን ከየአቅጣጫው ይስባል። በሌላ በኩል በምናለሽ ተራ ያገለገለ ዕቃ ተጠግኖና ቅርጹ ተለውጦ ዳግም ለሽያጭ ይውላል፤ ቁራሌው ከየመንደሩ የሚሰበስበውም የሚደርሰው እዚያው ነው። ለወረቀት ሞዴል ሠሪ ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ከመጀመሪያው አዲስ ወረቀት ይገኛል፣ ከሁለተኛው ሐሳብ ይገኛል፤ የጫማና የብስኩት ካርቶን ደግሞ በየሱቁ ደጃፍ የሚጣል ነው።

ለኅትመት የሚውለው ሉህ ኤ ፎር የሚባለው 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው። የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት አንድ ዐሥራ ስድስተኛ በመሆኑ፣ በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው የተለመደው የጽሕፈት ወረቀት በቅጠል 5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 500 ቅጠል የያዘው አንድ ደስጣም 2.5 ኪሎ ግራም ይሆናል። ይህ ወረቀት ለማጠፍ ይመቻል እንጂ ለሕንጻ ሞዴል ይልፈሰፈሳል። ለሞዴል ተስማሚ የሚሆነው ከ160 እስከ 200 ግራም ያለው ጠንካራ ወረቀት ሲሆን፣ እርሱ ካልተገኘ ወይም የፎቶ ኮፒ ቤቱ ማሽን ካልተቀበለው፣ በ80 ግራም የታተመውን ንድፍ በስስ ካርቶን ላይ ለጥፎ ከባድ መጽሐፍ ጭኖበት ማድረቅ ያንኑ ጥንካሬ ይሰጣል።

በፎቶ ኮፒ ቤት የሚያጋጥሙት ስህተቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የልኬት ስህተት ነው። ብዙ የአሜሪካ ንድፎች የተዘጋጁት 216 በ279 ሚሊ ሜትር ለሆነው ሌተር ለሚባለው ሉህ ስለሆነ፣ በኤ ፎር ሲታተሙ ማሽኑ ከገጹ ጋር ለማስማማት በመቶ ሁለትና ሦስት ያህል ያሳንሳቸዋል፤ ሁሉም ገጽ እኩል ካነሰ ችግር የለም፣ አንዱ ገጽ ተሳንሶ ሌላው በትክክለኛ ልኩ ከወጣ ግን ግድግዳና ጣሪያ አይገጥሙም። ሁለተኛው የፊደል ስህተት ነው። የአማርኛ መመሪያ በጽሑፍ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ሲላክ፣ በአታሚው ኮምፒውተር ፊደሉ ከሌለ በአራት ማዕዘን ሳጥኖች ተተክቶ ወይም አሰላለፉ ተዛብቶ ይወጣል፤ ይህን የሚያስቀረው ፊደሉን በውስጡ የያዘ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ነው።

አንድ ሥራ በቅርበት፦ ጎጆ ቤት በአንድ ሉህ

የሥራውን ባሕርይ ለማሳየት ክብ ጎጆ ቤት ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ምክንያቱም ግድግዳው ሲሊንደር፣ ጣሪያው ሾጣጣ በመሆኑ ሁለት የጂኦሜትሪ ምስሎችን በአንድነት ይይዛል። የግድግዳው ሬዲየስ 5 ሳንቲ ሜትር ቢደረግ ዙሪያው 31.4 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን ከኤ ፎር ቁመት ይበልጣል፤ 4.5 ሳንቲ ሜትር ቢደረግ ግን ዙሪያው 28.3 ሆኖ፣ ለመጣበቂያ ክንፍ 1 ሳንቲ ሜትር ሲጨመርበት 29.3 ስለሚመጣ በሉሁ ቁመት ላይ ለጥቂት ይገባል። ጣሪያው ከግማሽ ክብ ይወጣል። ግማሽ ክብ ተጠቅልሎ ሾጣጣ ሲሆን የሥሩ ሬዲየስ የግማሽ ክቡ ሬዲየስ እኩሌታ ስለሆነ፣ ባለ 12 ሳንቲ ሜትር ግማሽ ክብ ሥሩ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣሪያ ይሰጣል፤ ይህም ግድግዳውን በ1.5 ሳንቲ ሜትር አልፎ ክፈፉን በሚገባ ያለብሳል። ግድግዳው ከ7 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እስካላለፈ ድረስ ሁለቱም ክፍሎች በአንድ ኤ ፎር ላይ ይገባሉ።

በመቁረጥ ጊዜ የሚታየው ሌላው ጉዳይ የወረቀቱ ቃጫ አቅጣጫ ነው። ወረቀት ሲመረት ቃጫዎቹ በአብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተኙ፣ በዚያ አቅጣጫ በቀላሉ ይጠቀለላል፣ በተቃራኒው ግን ይሰበራል፤ አቅጣጫውን ለማወቅ ሉሁን በቁመቱና በወርዱ ቀስ አድርጎ ማጉበጥና የትኛው እንደሚለግም መመልከት ይበቃል። ለሚታጠፍ መስመር ደግሞ ቀለሙ ባለቀ ስክሪፕቶ ማስመሪያን ተከትሎ መስመሩን መጫን እጥፋቱን ቀጥ ያደርገዋል። ሙጫው ከገበያ ኮላ ባይሆን፣ የስንዴ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ በዝግታ እሳት እየተማሰለ ሲወፍር የሚገኘው ሙጫ ይበቃል፤ ነገር ግን ውሃ የበዛበት ሙጫ ወረቀትን ስለሚያጨማድድ በስሱ መቀባት ይገባል፣ በክረምትም ስለሚሻግት ለአንድ ቀን ከሚበቃው በላይ አይሠራም። ምላጭ የሚይዘው አዋቂ ሲሆን፣ ለሕፃን የሚሰጠው ጫፉ ደንዳና የሆነ መቀስ ነው።

ትምህርታዊ ፋይዳው

ተማሪ በመጽሐፍ ላይ ያለውን የጠጣር ምስል ሥዕል ሲያይ የተደበቀውን ገጽ በሐሳቡ መሙላት ይጠበቅበታል፤ ያንኑ ምስል ከዝርግ ንድፍ ሲያነሣ ግን እያንዳንዱን ገጽ፣ ጠርዝና ማዕዘን በጣቱ ያልፍበታል። የመጠነ ዙሪያ ቀመር ግድግዳው ገጠመ ወይም ሳይገጥም ቀረ በሚል ተጨባጭ ውጤት ስለሚፈተን፣ ስህተቱን መምህር ሳይነግረው ራሱ ወረቀቱ ያሳየዋል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታ ጥበባትን እንደ አንድ ትምህርት ያካተተ በመሆኑም፣ ይህን ሥራ በክፍል ውስጥ ለማስገባት በር ክፍት ነው።

የወረቀት መጫወቻ ከልጅነት ጨዋታ አልፎ ወደ ምርምር የሚደርስ መሆኑንም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የማኑ ፕራካሽ ቡድን አሳይቷል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2014 ፎልድስኮፕ የተባለውን ከአንድ ዶላር በታች በሆነ ቁሳቁስ የሚሠራ ተጣጣፊ የወረቀት ማይክሮስኮፕ ያስተዋወቀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በክር እየተሳበ የሚሽከረከረውን የልጆች መጫወቻ መሠረት አድርጎ ፔፐርፊዩጅ የተባለ የደም መለያ መሣሪያ ሠርቷል። ይህ መሣሪያ በ20 የአሜሪካ ሳንቲም ወጪ የሚሠራ ሆኖ፣ ያለ ኤሌክትሪክ በእጅ ብቻ በደቂቃ እስከ 125,000 ዙር በመሽከርከር የደምን ክፍሎች ይለያል። መነሻ የሆነው መጫወቻ ክር በሁለት ቀዳዳ ገብቶበት የሚሽከረከር ቁልፍ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ መንደሮችም የታወቀ ነው። ሰባተኛ ያለ ልጅ በእጁ የያዘው ነገር ከዓለም የላቀ ምርምር መነሻ ጋር አንድ መሆኑ፣ ይህን ዓይነቱን ጨዋታ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ማየት ተገቢ እንዳልሆነ ያስረዳል።

የጎደለውና መደረግ ያለበት

በነጻ የሚገኙት ንድፎች በብዛት የሚያሳዩት የአውሮፓን ግንብ፣ የጃፓንን ቤተ መቅደስና የውጭ ተሽከርካሪን ሲሆን፣ መመሪያቸውም በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ነው። የኢትዮጵያ ቅርሶች ግን ለወረቀት ሥራ በባሕርያቸው የተመቹ ናቸው። ከሮም በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. ዳግም የቆመው የአክሱም ሐውልት 24 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ ከመቶ አንድ በሆነ ልኬት ሲሣል 24 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በአንድ ኤ ፎር ቁመት ላይ ይገባል፤ ገጾቹ ዝርግ፣ መስኮቶቹና በሩ የተቀረጹ በመሆናቸውም በመስመር ብቻ ሊገለጹ ይችላሉ። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም በዚያው ልኬት ቁመቱ ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ የመስቀል ቅርጽ ስላለው 12 ግድግዳዎቹን ማጠፍ ለልጁ የሒሳብም የታሪክም ትምህርት ነው። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ለክቶ የመዘገበ በመሆኑ፣ ትክክለኛ ልኬት የሚነሣበት ሥራ አስቀድሞ ተሠርቷል።

እንዲህ ያለ ንድፍ ከውጭ ተተርጉሞ እንዲመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በአማርኛ ለሕፃናት የሚቀርብ ሥራ በአነስተኛ ቁሳቁስ ሊሳካ እንደሚችል፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በቴሌቪዥን የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በእጅ በሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት አረጋግጧል። የሥነ ሕንጻና የግራፊክ ዲዛይን ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ ቅርስ ወይም አንድ የአገር ቤት ወደ ዝርግ ንድፍ ቢለውጡ፣ መምህራን የእጥፋቱን ቅደም ተከተል በአማርኛና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ቢጽፉለት፣ ፋይሉም በጥቁርና ነጭ፣ በኤ ፎር ልክ፣ በግልጽ ነጻ ፈቃድ ቢለቀቅ፣ የሰባተኛ ፎቶ ኮፒ ቤት በአንድ ገጽ ዋጋ ለማንኛውም ልጅ ያደርሰዋል። ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ይሆናል፣ ዝናቡ ልጆችን ቤት ያውላል፣ ከፊትም የእንቁጣጣሽ ሥዕል የሚዘጋጅበት ወቅት ይጠብቃል። ወረቀት፣ ካርቶንና ሙጫ ቀድሞውንም በእጅ ስላሉ፣ በንድፍ ላይ የሚውለው ጥረት አንድ ጊዜ ተሠርቶ በየዓመቱ በሺህ ለሚቆጠሩ ቤቶች የሚያገለግል በመሆኑ፣ ከሚጠይቀው ወጪ አንጻር ይህን ያህል ፍሬ የሚሰጥ የሕፃናት ትምህርት ሥራ ማግኘት ይከብዳል።